የስድስት ብሩ ትምህርት

ውድ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተመራቂ መምህራን፤

በምረቃ ቀን የሚጋበዝ እንግዳ ስለ ራእይና ስለ ጽናት እንዲናገር ይጠበቃል። የዛሬው ንግግር ግን ስለ ጤፍ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ስኳር ሰልፍና ስለ ሴፍቲኔት ነው። መስከረም ላይ በምትገቡበት ክፍል የሚጠብቋችሁ ልጆች ከመንግሥት ጋር የተዋወቁት በሕገ መንግሥት አንቀጽ አይደለምና። አንዱ መንግሥትን የሚያውቀው በትምህርት ቤት ምገባ ነው። ሌላዋ እናቷ ጎህ ሳይቀድ መጥረጊያ ይዘው በሚወጡበት የከተማ ሴፍቲኔት ነው። ሦስተኛው ደግሞ አያቱ ቀበሌ ሄደው በሚቀበሉት ቀጥተኛ ድጋፍ።

ይህን በክፍል ማንሣት የሚፈሩ መምህራን ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ ፖለቲካ ይመስልብኛል ብሎ ይሰጋል፤ ሌላው የድኻውን ልጅ አሳፍራለሁ ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ዳሩ ግን መምህሩ ዝም ሲል ልጁ ትምህርቱን ከሌላ ቦታ ይወስዳል፤ እርዳታ ወይ የባለሥልጣን ቸርነት ወይ የሰነፍ መጠጊያ ነው ብሎ ያድጋል። እርዳታ ግን ደንብ አለው፣ በጀት አለው፣ ሒሳብ አለው፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሥራ ሊመረመርና ሊጠየቅ ይችላል።

የገጠሩን ሴፍቲኔት እንውሰድ። እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ አካሄዱ የተለመደ ነበር፤ ዝናብ ይቀራል፣ መንግሥት የእርዳታ ጥሪ ያሰማል፣ እህሉ ከባሕር ማዶ ተጭኖ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። እስከዚያው ገበሬው በሬውን ሸጧል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢመጣም የሚያርስበት የለውም። በብዙ ወረዳዎች ጥሪው በየዓመቱ ስለሚደገም ረሃቡ ድንገተኛ መሆኑ ቀርቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ችግሩ የሚመጣበት ወር ከታወቀ ክፍያውም አስቀድሞ ይታወቅ የሚል። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው አቀፈ፤ ኋላ ቁጥሩ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠጋ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከዓለም ባንክና ከለጋሽ አገሮች ነው፤ ይህም ለተማሪው ሊነገረው የሚገባ እውነት ነው።

አሁን ሰሌዳው ላይ ሒሳቡን እንሥራ። መሥራት የሚችል አባል ያለው ቤተሰብ፣ በተመዘገበ ሰው ልክ በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብለታል። የቀኑ ክፍያ መጀመሪያ ላይ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን ይሠራል፤ 150 ብር ያገኛል። ክፍያው ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ፣ ጎተራው በሚራቆትበት ወቅት ነው። ሥራው እርከን መሥራት፣ ውኃ ማቆር፣ መንገድ መጥረግ፣ አንዳንዴም የመማሪያ ክፍል መገንባት ነበር። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል፤ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባለው ይህ ነው። ይህን የሰማ የገጠር ልጅ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣበትን መንገድ ማን እንደጠረገው፣ ከቤቱ በላይ ያለውን ተራራ ማን እንዳረከነው አባቱን መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ጊዜ መልሱ ከቤቱ አይርቅም።

ከዚያ 2000 ዓ.ም. መጣ። የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የቀኑ ክፍያ ከ6 ብር ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ፤ ገበያው ግን ጥሎት ሄደ። ቀድሞ ጥሬ ገንዘብ ይሻለናል ይሉ ከነበሩት ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ በእህል ይሰጠን አሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 3 ኪሎ እህል ዋጋው ቢጨምርም 3 ኪሎ ነው፤ 8 ብር ግን 8 ብር ሆኖ አይቆይም። የዋጋ ግሽበት ምን እንደሆነ ትርጉሙን በቃል የሸመደደ ተማሪና ገበሬው ለምን ከብር ይልቅ እህል እንደመረጠ ማስረዳት የቻለ ተማሪ እኩል አያውቁም። ለነገሩ ይህን ለመምህር ማብራራት ትርፍ ነው፤ የወር ደመወዙ ከአሥራ አምስት ቀን በላይ ሲዘልቅ ያየ መምህር ስንት ነው?

ከሒሳቡ የሚከብደው የምዝገባው ጉዳይ ነው። በደንቡ መሠረት ማን ድኻ እንደሆነ የሚለየው ከራሱ ከማኅበረሰቡ በተውጣጣ ኮሚቴ ነው፤ ስም ዝርዝሩ በስብሰባ ላይ ይነበባል፣ ቅር ያለው አቤቱታ ያቀርባል። ጥሩ ደንብ ነው። ችግሩ ኮታው ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስ ነው። በብዙ ቀበሌዎች አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ብቻ ተመዝግቧል፤ ጎረቤት እንዳይቀር ተብሎ ክፍያው ተሸንሽኗል። ይህ ሌብነት ነው ወይስ መተዛዘን? ጥያቄው ለአሥረኛ ክፍል ክርክር ከበቂ በላይ ነው፤ መምህሩም መልሱን ይዞ መግባት የለበትም።

ከተማው ዘግይቶ ነው የደረሰው። አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የከተማ ሴፍቲኔት የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹ መንገድ ይጠርጋሉ፣ አረንጓዴ ቦታ ያለማሉ፣ ከሚከፈላቸውም ላይ ይቆጥባሉ።

ሥራንና እርዳታን ማያያዝ የእኛ ብቻ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 የአክሲዮን ገበያዋ ወድቆ፣ በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ ፈትቶ ነበር። የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት ወጣት ወንዶችን በየካምፑ አስፍሮ ዛፍ አስተከለ፣ መንገድና ፓርክ አሠራ። የወር ክፍያቸው 30 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ላይ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላካል። በዚያው ዓመት ሕዝቡ እየተራበ መንግሥት የእርሻ ምርት ዋጋ እንዲያንሠራራ 6 ሚሊዮን ገደማ አሳማ ገዝቶ አስገደለ። ይህ ተቃርኖ ብዙ አስቆጣ። በ1939 በሮቸስተር ከተማ የተጀመረው የምግብ ኩፖን ሁለቱን ችግሮች ለማገናኘት የታሰበ ነበር፤ ችግረኛው ብርቱካንማውን ኩፖን በገንዘቡ ይገዛል፣ ለእያንዳንዱ ዶላርም 50 ሳንቲም የሚያወጣ ሰማያዊ ኩፖን በነጻ ይታከልለታል፤ በሰማያዊው የሚገዛው ግን መንግሥት ከገበያ ተርፏል ያለውን ምግብ ብቻ ነው። ዛሬ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችን ፉድ ስታምፕ የሚሉት ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲ የሚሉት የጡረታ ዋስትናም እ.ኤ.አ. በ1935 ሲታወጅ የእርሻና የቤት ውስጥ ሠራተኞችን አላካተተም ነበር። ሕጉ ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ቃል አይልም፤ ነገር ግን በደቡብ ከሚኖሩት ጥቁሮች አብዛኞቹ በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ስለነበሩ ውጭ ቀሩ። በእርዳታ ትምህርት ውስጥ «ለማን ተሰጠ» ከሚለው ይልቅ «ማን ቀረ» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የበለጠ ያስተምራል።

እኛም ዘንድ ከመቅረት የባሰ፣ የመደበቅ ታሪክ አለ። የወሎ ሕዝብ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረሃብ ሲያልቅ ንጉሣዊው መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ ተጣጥሯል። ዝምታውን በመስበር ረገድ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ድርሻ ትልቅ ነበር፤ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ተከተለ፤ ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። የቅርቡንም ማንሣት ይገባል፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ለተቸገሩት ሳይደርስ ሌላ ቦታ እየተወሰደ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን አቆሙ፤ እስኪቀጥል ወራት ወሰደ። እህሉን የነካው አንድ ነበር፣ የተራበው ግን ሌላ። ይህን የማይነካ የሥነ ዜጋ ትምህርት ምን እንደሚያስተምር ግልጽ አይደለም።

ውድ ተመራቂዎች፤ ይህን ሁሉ ስታስተምሩ አንድ ነገር አደራ። «ቤተሰቡ ሴፍቲኔት የሚያገኝ እጁን ያውጣ» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በምገባ ሰዓትም ምሳ ይዞ የመጣውን ካልያዘው ለይታችሁ አታስቀምጡ። የልጁ ችግር የክፍሉ ማስተማሪያ አይሁን፤ ማስተማሪያው አሠራሩ ይሁን። ተማሪዎቹን ጉሊትና የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ልካችሁ የዘይትን፣ የስኳርንና የሽሮን ዋጋ አስመዝግቧቸው፤ ልዩነቱንም ያስሉ። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የገዙ እናትና አባት ከየሰፈሩ አይጠፉም፤ ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው ያዳምጧቸው። ከወረዳው የሚመለከተውን ባለሙያ ክፍል ድረስ ጋብዙና ምዝገባው እንዴት እንደሚካሄድ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁት።

በተመደባችሁበት ወረዳ በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሴፍቲኔቱን የምዝገባ መስፈርትና የአቤቱታ ሥርዓት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሲሰጧችሁም በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻቸው ልጆቹ ቤት ሄደው ይነግሯቸዋል።