የሴፑር ዛርኮ እናቶች
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች በጦርነት ጊዜ በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ግፍ እንድናገር ሲጠይቁኝ ከራሳችን አገር መጀመር አልፈለግሁም። ከራሳችን ከጀመርን ገና ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳንሰማ «ተናጋሪው የየትኛው ወገን ነው?» ወደሚል ክርክር እንገባለንና። ስለዚህ ከሩቅ፣ ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ከጓቲማላ እጀምራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጓቲማላ ከ1960 እስከ 1996 ድረስ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። በ1999 የወጣው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ የሞተውንና ደብዛው የጠፋውን ሰው ከ200,000 በላይ ገምቶታል፤ ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች 83 በመቶው የአገሩ ነባር ሕዝብ ማያዎች ነበሩ።

ሴፑር ዛርኮ ቀክቺ የሚባሉት ማያዎች መንደር ናት። ገበሬዎቹ ለሚያርሱት መሬት ሕጋዊ ወረቀት ይጠይቁ ነበር። «መሬት ላራሹ» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በ1982 ወታደሮች መጥተው ባሎችን ወሰዱ፤ አልተመለሱም። ከዚያ ሚስቶቻቸው በየሦስት ቀኑ በተራ ወደ ጦር ሰፈሩ እየሄዱ እንዲያበስሉና ልብስ እንዲያጥቡ ተገደዱ፤ በቆሎውንም ሳሙናውንም ከቤታቸው ይዘው። እዚያም ወታደሮቹ ይደፍሯቸው ነበር። ይህ በአንዳንዶቹ ላይ ለወራት፣ በሌሎቹ ላይ ለዓመታት ቆየ። ወደ ጫካ ከሸሹትም ልጆቻቸው በረሃብ የሞቱባቸው አሉ።

ጦር ሰፈሩ በ1988 ተዘጋ፤ ሐሜቱ ግን ቀጠለ። ጎረቤት እንደ ተበዳይ ሳይሆን እንደ ወታደር ሴት ያያቸው ነበር። እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትንሽ ልበል። ቀክቺዎቹ የደረሰባቸውን የገለጹት «ሙሹክ» በሚል ቃል ነው፤ የተቀደሰን ነገር ማርከስ ማለት ነው። የሚያመለክተው አርካሹን ነው። እኛ ግን «ክብሯን አጣች» እንላለን፤ በዚህ አነጋገር አድራጊው የለም፣ ያጣችው እሷ ብቻ ናት። የአገር ድንበር ሲደፈር አገሪቱን የሚያማ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሴቶቹ ወደ ዳኛ ከመሄዳቸው በፊት ለዓመታት እርስ በርሳቸው ተቀምጠው ተነጋገሩ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና የሴቶች ማኅበራት አብረዋቸው ነበሩ። በ2010 በዋና ከተማው በተካሄደ የሕሊና ችሎት የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ያ ችሎት ማሰር አይችልም፣ መስማት ግን ችሏል። በ2011 ክስ አቀረቡ። በ2012 ቃላቸው በቪዲዮ ተቀዳ፤ አሮጊቶች ስለሆኑ ችሎቱ እስኪቆም የሚሞቱ ይኖራሉ ተብሎ፣ ደግሞም ያንኑ ሥቃይ ደጋግመው እንዳይናገሩ። ችሎቱ በየካቲት 2016 ሲጀመር ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀመጡ፤ ንግግሩም በአስተርጓሚ ተተረጎመላቸው። የካቲት 26 ቀን ዳኛ ያስሚን ባሪዮስ የመሩት ችሎት የጦር ሰፈሩን አዛዥ የነበረውን መኮንን 120 ዓመት፣ የአካባቢውን የጦር ተወካይ 240 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። በጦርነት ጊዜ የተፈጸመ ወሲባዊ ባርነት ድርጊቱ በተፈጸመበት አገር ፍርድ ቤት ሲዳኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፍርድ ቤቱ በካሣነት ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና የመሬቱ ወረቀት ጭምር እንዲፈጸም አዘዘ። ወንዶቹ የሞቱለት ያ ወረቀት ግን ከፍርዱ በኋላም ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል።

የሴፑር ዛርኮ በር ከፋች ሆነ። የአቺ ማያ ሴቶችም ከሰሱ፤ በ2022 አምስት የቀድሞ ታጣቂዎች 30 ዓመት፣ በ2025 ደግሞ ሦስት ሌሎች 40 ዓመት ተፈረደባቸው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተካሄደው ጦርነት የተደፈሩ ሴቶች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ወደዚህ የምትመጣ አንዲት እኅት መጀመሪያ የምታንኳኳው የእኛን በር ነው። በራችን ከተከፈተ በኋላ ግን የምታገኘው ምንድን ነው? ለጥገኝነት ጉዳይዋ የምታወራው በአስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ወይም በቡና ላይ የምታገኘው ሰው ነው። ታዲያ እንዴት ትናገር? ዝም ትላለች፣ ጉዳይዋም ይበላሻል።

ስለዚህ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የምትተረጉም ሴት አስተርጓሚ የምንከፍልበት ገንዘብ ከሚቀጥለው ዓመት በጀት ይመደብ። ሁለተኛ፣ ከቢሮው በስተኋላ ያለው ክፍል ከወንበርና ከድግስ ዕቃ ማከማቻነት ወጥቶ ለሴቶች ክፍሉ ይሰጥ፤ ቁልፉም በእነሱ እጅ ይሁን። ዕቃውን ለማውጣት ቅዳሜ ጠዋት እኔ እመጣለሁ፤ ሦስት ሰው ቢጨመርልኝ ይበቃል።