የቪዲዮ ጨዋታን በቀጥታ ለማሰራጨት የሚሻ ሰው በምን ይጀምር?

በትምህርት ቤታችን የበዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር





ከመካከላችሁ «የጨዋታ ነገር ለበዓል ንግግር ምን ይበጃል?» የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በኮምፒዩተር ክፍላችን የሚደረገውን የእግር ኳስ ጌም ውድድር በውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች በቀጥታ ለማየት ይጠባበቃሉ። እንግዲህ ነገሩ ጨዋታ ቢሆንም ኀላፊነቱ ጨዋታ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሞክረን ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት ተመርቆ ዛሬ በዱባይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ውድድሩን ለማየት ሲል ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ተቀምጦ ነበር። ማታ ደወለልኝና «ሥዕሉ እየቆመ፥ ድምፁም እየተቆራረጠ ምንም ሳላይ ቀረሁ» አለኝ። «ወንድም ጋሼ፥ እኛ እኮ ከሁሉ የበለጠውን ጥራት ነበር የመረጥነው» ብለው፥ «የበለጠው ጥራት ይቅርብኝ፤ የልጆቹን ድምፅ ብቻ ሳይቋረጥ አሰማኝ» ሲል መለሰልኝ። ጥፋቱ የኛ እንጂ የሌላ የማንም አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበባችን አባሎች የተማርነውን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

የዚህ ሥራ ታሪክ ረጅም አይደለም። በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀስቲን ካን የሚባል ወጣት በአሜሪካ አገር በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ካሜራ በቆቡ ላይ አስሮ የራሱን ውሎ ቀንና ሌሊት በኢንተርኔት ያሳይ ጀመር። ከዚያው ድርጅት በ2011 ለጌም ብቻ የሆነው ትዊች ተወለደ፤ በ2014ም አማዞን በ970 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከአንድ ቆብ ላይ ካሜራ የተነሣ ነገር ይህን ያህል ካደገ፥ እኛም በትንሽ መጀመራችን አያሳፍረንም።

በመጀመሪያ ስለ ሶፍትዌሩ ልናገር። ክበባችን የመረጠው ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለውን ነው። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ በዊንዶውስም፥ በማክም፥ በሊኑክስም ይሠራል። ስትሪምላብስ የሚባለውም በዚሁ በኦቢኤስ ላይ የተሠራ ሲሆን፥ ብዙ ጌጥ ስላለው ለጀማሪ ያምራል፤ ነገር ግን ለደካማ ኮምፒዩተር ጌጡ ሸክም ይሆንበታል። የኛ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ዕድሜ የጠገቡ ስለ ሆኑ ቀላሉን መረጥን።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር የኢንተርኔታችሁን ዐቅም መለካት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፊልም ስናይ የምንጠቀምበት ወደ እኛ የሚመጣው መሥመር፥ ዳውንሎድ የሚባለው ነው። ስናሰራጭ ግን የሚሠራው ከኛ ወደ ውጭ የሚሄደው፥ አፕሎድ የሚባለው ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ባለፈው ዓመት የኛ አፕሎድ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ሲሆን፥ እኛ ግን ሳንለካ ቢትሬቱን 6,000 ኪሎቢት አድርገን ነበር። በትንሽ ቧንቧ ትልቅ ወንዝ ለማሳለፍ እንደ መሞከር ነው። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህም ሳይሠራ አይቀርም።

ስለዚህ ደንባችን ይህ ሆነ፦ አፕሎዱን ስርጭቱ በሚደረግበት ሰዓት ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ከሦስቱ ዝቅተኛውን ያዙ፤ ከእርሱም ከአራት ሦስት እጁን ብቻ ተጠቀሙ። የቀረው አንድ እጅ መሥመሩ በድንገት ሲደክም መጠባበቂያ ይሆናል። ከ4 ሜጋቢት ሦስት አራተኛው 3,000 ኪሎቢት ነው። ለዚህ መጠን የሚስማማው ሬዞሉሽን 720፥ በሴኮንድም 30 ፍሬም ነው። 1080 በ60 ፍሬም የሚሻ ሰው 6,000 ያህል ያስፈልገዋል። 6,000 የሚያስፈልገውን ሥዕል በ3,000 ብትልኩት ተጫዋቾቹ ሲሮጡ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል። ከዚህ በላይ ሬት ኮንትሮል የሚለውን ሲቢአር፥ የኪይፍሬሙንም ልዩነት 2 ሴኮንድ አድርጉ።

የገንዘቡንም ነገር እናስብ። በ3,000 ቢትሬት ድምፁ ተጨምሮ አንድ ሰዓት ማሰራጨት 1.4 ጊጋባይት ያህል ይበላል፤ በ6,000 ከሆነ 2.8 ይሆናል። ጥቅል በኪስ ገንዘቡ ለሚገዛ ተማሪ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው የኮምፒዩተሩ ዐቅም ነው። ኮምፒዩተሩ ጨዋታውንም ያጫውታል፥ ሥዕሉንም ለመላክ ይጠቀልላል። ይህ በአንድ ምድጃ ሁለት ድስት እንደ መጣድ ነው። ኮምፒዩተራችሁ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለው ኤንኮደሩን ኤንቪኤንሲ አድርጉ፤ የኢንቴል ከሆነም ኩዊክ ሲንክ የሚባለው ይገኝ እንደ ሆነ ተመልከቱ። እነዚህ ለመጠቅለሉ ሥራ ለብቻው የተሠራ ክፍል ስላላቸው ጨዋታው አይጎተትም። ሁለቱም ከሌሉ ኤክስ 264 የሚባለውን ይዛችሁ «ቬሪ ፋስት» በሚለው ላይ ተዉት።

አራተኛው ድምፅ ነው። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ሥዕል ይታገሣል፤ የሚቆራረጥና የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገሥም። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ወደ አፋችሁ አቅርቡ፤ የጨዋታው ድምፅ ተመልሶ እንዳይገባ በጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ፤ የጨዋታውንም ድምፅ ከንግግራችሁ ዝቅ አድርጉ። በኦቢኤስ ላይ የሚታየው የድምፅ መለኪያ ስትናገሩ ወደ ቢጫው ይድረስ፥ ቀዩን ግን አይንካ።

አምስተኛው ከቀኑ በፊት መሞከር ነው። በዩቲዩብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማሰራጨት ፈቃዱ እስኪከፈት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል በበዓሉ ዋዜማ አትጀምሩ። ለሕዝብ በማይታይ ስርጭት ሞክሩና በኦቢኤስ ውስጥ «ስታትስ» የሚለውን መስኮት ክፈቱ። «ድሮፕድ ፍሬም» የሚለው ቍጥር ከጨመረ ችግሩ ከመሥመሩ ነውና ቢትሬቱን ቀንሱ፤ «ኤንኮዲንግ ላግ» የሚለው ከጨመረ ግን ችግሩ ከኮምፒዩተሩ ነውና ሬዞሉሽኑን ወይም ፍሬሙን ቀንሱ። በሽታውን ሳያውቁ መድኀኒት መስጠት አይገባም። ከተቻለም ዋይፋዩን ትታችሁ በገመድ ተገናኙ።

በመጨረሻም ስለ ጥንቃቄ። ስትሪም ኪይ የሚባለው ቁልፍ እንደ ቤት ቁልፍ ነው፤ ያገኘው ሰው ሁሉ በስማችሁ ሊያሰራጭ ስለሚችል ለማንም አታሳዩት። መልእክቶቻችሁ ለዓለም እንዳይታዩም ስክሪኑን በሙሉ ሳይሆን የጨዋታውን መስኮት ብቻ ላኩ። ዕድሜም አለ፤ ዩቲዩብ ከሐምሌ 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ዕድሜው 16 ያልሞላውን ልጅ ያለ ዐዋቂ ብቻውን እንዲያሰራጭ አይፈቅድም። ስለሆነም ታናናሾቻችን ያለ ወላጅና ያለ መምህር እንዳይጀምሩ ዐደራ እላለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፤ በጠቅላላው ልል የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ታላቅ ነገር ጀምሮ በመካከል ከማቋረጥ ዐቅምን ዐውቆ ትንሹን እስከ መጨረሻው ማድረስ ይሻላል። ይህም ለኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ለትምህርታችንም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ጧት አፕሎዳችንን ሦስት ጊዜ ለክተናል፤ ዝቅተኛው 4 ሜጋቢት ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብም እንደ ገና እንለካለን። እስከዚያው ሴቲንጉ 720፥ 30 ፍሬምና 3,000 ኪሎቢት ነው። ወንድሜ ዛሬም ፈቃድ ጠይቆ ተቀምጧል። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ጎል ሲገባ አጥብቃችሁ ጩኹ፤ ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚጠብቃችሁ ሰው አለና።

ትምህርት ቤታችን ለዘለዓለም ይኑር!