ለጉንፋን የተዋጠች ክኒን

ወገኖቼ፣ ሲድኒ ሲባል ለእኛ ቶሎ ትዝ የሚሉን ኃይሌና ቴርጋት ናቸው። ዛሬ ግን ስለ ሌላ የሲድኒ ልጅ ነው የማወራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2000 አንድሪያ ራዱካን የምትባል የሮማኒያ የጂምናስቲክ ተወዳዳሪ ወርቅ አገኘች። ዕድሜዋ 16 ነው። ጉንፋን ይዟት ስለነበር የቡድኑ ሐኪም ኑሮፌን ሰጥቷታል። በክኒኑ ውስጥ ደግሞ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ሱዶኤፌድሪን የሚባል ነገር አለ፤ ያኔ ክልክል ነበር። በቃ፣ ወርቁ ተነጠቀ። ይግባኝ ብትልም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸናው። ሐኪሙም ታገደ፣ እሱስ ይሁን።

እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ያው ሱዶኤፌድሪን ከተከለከሉት ዝርዝር ወጣ። በ2010 ሲመለስ ደግሞ በልክ ሆነ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ150 ማይክሮግራም ካለፈ ነው ጥፋት የሚባለው። የልጅቷ ወርቅ ግን እንደሄደ ቀረ።

አውቃለሁ፣ «አላወቅኩም ያለ ሁሉ ከተማረ አጭበርባሪው ሁሉ አላወቅኩም ይላል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም ሌባ ሯጭ ይለፍ አልልም። ግን ውጤት መሰረዝ አንድ ነገር ነው፣ ሰውን አጭበርባሪ ብሎ ዓመታት ማገድ ሌላ ነገር ነው። የዛሬው ሕግ ምንም ጥፋት የሌለበትን ከእገዳ ነፃ ያወጣል፤ ሆኖም «ሐኪሜ ነው የሰጠኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ታዲያ የ16 ዓመት ልጅ ሐኪሟን ካላመነች ማንን ትመን?

አሌን ባክስተርንም ተመልከቱ። እንግሊዞች በበረዶ ሸርተቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ነሐስ አገኘንበት ያሉት ሰው ነው። አገሩ የለመደውን የአፍንጫ መሳቢያ ቪክስ አሜሪካ ውስጥ ገዛ። ስሙ አንድ፣ ውስጡ ግን ሌላ፤ የአሜሪካው የተከለከለ ነገር ነበረበት። ፍርድ ቤቱ አጭበርባሪ እንዳልሆነ አምኖለት እንኳ ሜዳሊያውን አልመለሰለትም።

አሁን ወደ በቆጂ እንምጣ። ጉልበቱን ያመመው ልጅ መድኃኒት ቤት ሄዶ ዴክሳሜታዞን ይወጋል። ያ መርፌ ውድድር ላይ በሰውነቱ ከተገኘ ጣጣ ነው። ያሳለው ደግሞ የሳልቡታሞል ክኒን ይሰጠዋል፤ የሚነፋው በልክ ይፈቀዳል፣ ክኒኑ ግን ሁልጊዜ ክልክል ነው። «ሯጭ ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለ መድኃኒት ቤት ስንት አለ? እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከሜዳሊያ አልፎ እስር ያስከትላል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ እያወቀ የሰጠው ሰው ቅጣት ከልጁ ይክበድ። ዝርዝሩም በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በየማሰልጠኛው ግድግዳ ይለጠፍ፤ እንግሊዝኛ ለማያነብ ልጅ «ማወቅ ነበረብህ» አይባልም።

የምትሮጡ ካላችሁ፣ ወይ ወንድም እህት የሚሮጥላችሁ፣ መድኃኒት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ «ሯጭ ነኝ» በሉ። በወረቀት የተጠቀለለ ልቅ ክኒን አትቀበሉ፣ ካርቶኑን ጠይቁ፣ ፎቶ አንሱት፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ሕመሙ የግድ ያንን መድኃኒት የሚፈልግ ከሆነ ከመዋጣችሁ በፊት ለሕክምና የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ።