የቤት ኪራይና ቁጠባ በልከኛ ገቢ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ቤት ንግግር እንዳደርግ በተጋበዝኩ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ አርማታና ስለ ብረት የምናገር ሳይመስላችሁ አልቀረም። የዛሬው ንግግሬ ግን ቤቱን ስለሚሠራው ሰው ኪስ ነው። በአዲስ አበባ የፎቅ ቤቶችን ንድፍ የሚያወጣ፣ መሠረታቸውን የሚያስቆፍርና ሙሌታቸውን የሚቆጣጠር ወጣት ባለሙያ ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ ተከራይቶ ለመኖር ደመወዙ አልበቃው ብሏል። ይህ የአንድ ሰው ችግር ቢሆን ኖሮ የጉባኤውን ጊዜ ባልወሰድኩ ነበር። ነገር ግን ለልጆች ትምህርትና ለወላጆች መጦሪያ የሚተርፈውን ገንዘብ የሚወስነው ኪራይ ስለሆነ፣ በሙያችን ዓይን ልንመረምረው ይገባናል።

ነገሩ የቆየ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከሌሎቹ ድንጋጌዎች ጋር የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀንሶ ነበር። ለተከራዩ ታላቅ እፎይታ ሆነ። ይሁን እንጂ ኪራዩ ሲቀንስ ለጥገና የሚውለው ገቢም አብሮ ቀነሰ፤ የጭቃው ግድግዳ ምርጊት፣ የቆርቆሮው ጣሪያም ቅያሬ እየጠበቀ አረጀ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በስፋት የተያዘው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታም ብዙ ቤተሰቦችን ባለቤት አድርጓል፤ ሆኖም በ2005 ዓ.ም. ከተመዘገቡት መካከል ከአሥር ዓመት በላይ እየቆጠቡ ዕጣ የጠበቁ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ኪራይን መወሰን ብቻውን ቤት አይወልድም፤ ዕጣ መጠበቅም ብቻውን የኑሮ ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ተከራዩ በእጁ ያለው ምንድን ነው? በበኩሌ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛው ውሉ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ብዙ ተከራይ አከራዩን ላለማስቀየም ብሎ በቃል ብቻ ይስማማል። ሆኖም የተመዘገበ ውልና የባንክ ደረሰኝ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ናቸው፤ ይህን በትሕትና መጠየቅም ነውር የለበትም።

ሁለተኛው የኪራዩን ሙሉ ዋጋ ማስላት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ለሥራ ቦታ የቀረበው ቤት 7,000 ብር፣ ከከተማው ዳር ያለው ደግሞ 5,000 ብር ይሁን። ልዩነቱ 2,000 ብር ነው። ነገር ግን ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በቀን 60 ብር ተጨማሪ የታክሲ ወጪ ካወጡ፣ በ22 የሥራ ቀን 2,640 ብር ይሆናል። ርካሽ የተባለው ቤት በወር 640 ብር አስወደደ፤ በመንገድ ላይ የሚያልቀውን ሰዓት ገና አልቆጠርንም። የመብራት ቆጣሪው ነገርም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ፣ ቆጣሪው የጋራ በሆነበት ግቢ አከራዩ እንጀራ መጋገር ይከለክላል። ያ ቤተሰብ ዱቄቱ በቤቱ እያለ እንጀራ ከሱቅ ሊገዛ ይገደዳል። ስለዚህ ከመዋዋል በፊት ቆጣሪውን፣ የውሃውን ፈረቃና የጣሪያውን ማፍሰስ ማየት፣ የክፍያውንም አከፋፈል በውሉ ማስገባት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቁጠባ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። ስሌቱ ቀላል ነው። ባንክ የተቀመጠ 100 ብር በዓመቱ 107 ይሆናል፤ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ከገባ፣ ያ 107 ብር የሚገዛው አስቀድሞ 82 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው። ታዲያ አንቆጥብ ማለት ነውን? አይደለም። ለእያንዳንዱ ገንዘብ የሚስማማውን ቦታ እንፈልግለት ማለት ነው።

በመጀመሪያ የመነሻ ገንዘብ ያስፈልጋል። ቤቱን ልቀቅ የተባለ ሰው የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ፣ የደላላ ዋጋና የአይሱዙ ጭነት ባንድ ቀን ይጠየቃል። ይህ ገንዘብ ዋጋው እየቀነሰም ቢሆን በባንክ መቀመጥ አለበት፤ ጥቅሙ በተፈለገ ጊዜ መገኘቱ ነውና። ከዚህ የተረፈው ከመኸር በኋላ፣ ጤፍ ረከስ በሚልበት ወቅት፣ ከጎረቤት ጋር ተዳምሮ በኩንታል ለመግዛት ቢውል ከወለዱ የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል።

ዕቁብንም በዚሁ መንገድ እንመልከተው። 12 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ከሚወስደው 12,000 ብር ውስጥ 11,000 ብሩን ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ግን ያለ ወለድ አበደረ፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ደግሞ ያነሰ ዕቃ ይገዛበታል። ይህ ዕቁብን ከንቱ አያደርገውም፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ ባንክ የማያስገድደንን ወርኃዊ ሥርዓት ያስይዙናልና። ቢሆንም በሚቀጥለው ዙር የመጨረሻዎቹ ቀድመው እንዲወስዱ መስማማት ፍትሐዊ ይሆናል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ገቢው ከወጪው ጥቂት ለተረፈው ሰው ነው። ደመወዙ ከኪራይና ከቀለብ ለማያልፍ ጀማሪ ባልደረባችን ቆጥብ ብሎ መምከር ምክር አይባልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ማኅበሩ የአባላቱን የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁም፣ የመጀመሪያውም ብድር ለኪራይ ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጥ አሳስባለሁ። ከዚህም ሌላ የሚከራዩ አነስተኛ ቤቶች ንድፍ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቆጣሪና የሚጋገርበት ቦታ ያለው ሆኖ እንዲዘጋጅ፣ ለግል ቤት ሠሪዎችም በአነስተኛ ዋጋ እንዲሰጥ ኮሚቴ ቢቋቋም መልካም ነው። ለሁለተኛው ሥራ በትርፍ ሰዓቴ ለማገልገል ፈቃደኛ መሆኔን እገልጻለሁ።