ድመት በሳለች ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱ፥ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ፥ በጠቅላላውም በስምጥ ሸለቆ ባሉት ከተሞችና መንደሮች፥ ድመት ለመጫወቻ ብቻ የምትያዝ እንስሳ አይደለችም። ገበሬው በቆሎውን፥ ጤፉንና ቦሎቄውን ከአውድማ ሰብስቦ ወደ ጎተራ ባገባ ጊዜ አይጥ ተከትሎት ይገባል፤ ነጋዴውም እህሉን በጆንያ ቢደረድር እንደዚሁ ነው። ድመት የሌለበት ቤት ለአይጥ ግብር ይከፍላል። ይህን ያህል የምታገለግል እንስሳ በታመመች ጊዜ ግን የሚመለከታት ሰው ጥቂት ነው። ላም ብትስል ባለቤቷ ደንግጦ ሐኪም ይጠይቃል፤ ድመት ብትስል ግን «ፀጉር ውጣ ነው» ወይም «አጥንት አንቋት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አባባል አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

አስቀድሞ ሳልን ከሌላው ነገር መለየት ያስፈልጋል። የምትስል ድመት ወደ መሬት ዝቅ ብላ ታጎነብሳለች፥ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋለች፥ የፊት እግሮቿን ክርን ከጎኗ ታርቃለች፤ ከዚያም ደረቅ ድምፅ እየደጋገመች ታሰማለች። በመጨረሻ ምራቋን ትውጥ ይሆናል እንጂ ከአፏ የሚወጣ ነገር የለም። የምታስመልስ ድመት ግን ሆዷ በኃይል ሲኰማተር ይታያል፤ መጨረሻውም ምግብ ወይም የተጠቀለለ ፀጉር ነው። ድመት ገላዋን በምላሷ ስለምታጸዳ ፀጉር መዋጧ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ያ ፀጉር የሚወርደው ወደ ሆዷ ነው እንጂ ወደ ሳንባዋ አይደለም። እንግዲህ እየደጋገመች የምታጎነብስና የምትስል፥ ነገር ግን ፀጉር የማታወጣ ድመት፥ ነገሯ የሳንባ ወይም የአየር ቧንቧ ነው ተብሎ ሊታሰብ ይገባል። የምታስነጥስ፥ ዓይኗና አፍንጫዋ የሚፈስ ግልገል ድመት ደግሞ የድመት ጉንፋን ይዟት ይሆናል። ይህ ጉንፋን ከድመት ወደ ድመት ይተላለፋል፤ ሰውን ግን አይዝም።

የአዳማ ምድር ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ቀላል ድንጋይ የበዛበት ስለ ሆነ፥ በበጋ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ አቧራው ደጁን አልፎ ወደ ጓዳ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውቂያ ሲሆን የገለባው ብናኝ ይጨመርበታል። በቤት ውስጥም የማገዶና የከሰል ጢስ አለ፤ ቡና ሲቈላ የሚነሣው ጢስ አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ዕጣኑ ይጨሳል። ድመት ደግሞ ከምድጃ ዳር መተኛት ትወዳለች። ከድመቶች አንዳንዶቹ ሰው እንደሚያውቀው ያለ አስም ይይዛቸዋል፤ ይኸውም የአየር ቧንቧቸው ብናኝ ወይም ጢስ በነካው ጊዜ ያብጥና ይጠብባል፥ አክታም ይሞላዋል። እንዲህ ያለችው ድመት በሌላ ጊዜ ደኅና መስላ ትኖርና ቡና በተቈላ ቁጥር ትስላለች። ይህን ያስተዋለ ሰው ቡናው እስኪጠጣ ድረስ ድመቷን ወደ ውጭ ማውጣት፥ ለማድ ቤቱም የጢስ መውጫ ማበጀት አለበት። የጢስ መውጫውስ የሚጠቅመው ለድመቷ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ያንኑ ጢስ ይተነፍሳሉ። ጢሱን በማራቅ ብቻ ሳሉ ያልተወ እንደ ሆነ፥ የእንስሳት ሐኪም የቧንቧውን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል።

ክረምት በገባ ጊዜ፥ ደግሞም በወንጂና በባቱ ዙሪያ እንዳለው በመስኖ በሚጠጣ አትክልት ውስጥ፥ ቀንድ አውጣ ይበዛል። ይህን ከድመት ሳል ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በድመት ሳንባ ውስጥ የሚኖር እንደ ፀጉር የቀጠነ ትል አለ። የትሉ ልጆች ከሳንባ በሳል ወደ ጉሮሮ ይወጣሉ፥ ድመቷ ትውጣቸዋለች፥ ከኩሷም ጋር ወደ ምድር ይወርዳሉ። በዚያም ወደ ቀንድ አውጣ ሥጋ ገብተው ያድጋሉ። ቀንድ አውጣውን አይጥ፥ ወፍ ወይም እንሽላሊት ይበላዋል፤ አይጧን ድመት ትበላለች፤ ትሉም ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። ስለዚህ በአደን የምትኖር ጐበዝ ድመት፥ ቤት ከምትውለው ይልቅ ለዚህ ትል የተጋለጠች ናት። ሐኪሙ ኩሷን በማጉሊያ መነጽር መርምሮ ትሉን ሊያገኝ ይችላል፤ የሚያጠፋውም መድኃኒት አለ። የሳንባውን ትል ድመት ከድመት በቀጥታ አትወስደውም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የወተት ነገር ነው። የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዓመት ገለጠ። ከዚህ ተሕዋስ ጋር ዝምድና ያለው ሌላ ተሕዋስ ከብትን ይይዛል፤ ከታመመችውም ላም በጥሬ ወተት ወደ ሰውና ወደ ድመት ሊተላለፍ ይችላል። በመካከለኛው ኢትዮጵያ የተደረገው ምርመራ፥ ይህ በሽታ ከአገሩ ዘር ይልቅ ከውጭ ዘር በተዳቀሉት የወተት ላሞች ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። እነዚህም ላሞች በብዛት የሚረቡት በከተሞች አጠገብ ነው። ላም በታለበች ጊዜ ድመቷ ወደ ማለቢያው ስትጮኽ ትመጣለች፥ ከትኩሱም ጠብ ይደረግላታል፤ ይህ የተለመደ ነው። እንግዲህ ድመቷ እየከሳች ብትሄድ፥ ብትስል፥ የአንገቷም ዕጢ ቢያብጥ ወይም የማይድን ቁስል ቢወጣባት፥ ይህ ሁሉ ነቀርሳ ነው ማለት ባይሆንም፥ ከዚያው ማለቢያ የሚጠጣው ሕፃን መኖሩ ሊታሰብ ይገባል። ወተቱ እስኪገነፍል ድረስ ከፈላ ተሕዋሱ ይሞታል። ለድመቷም ለልጁም የፈላውን መስጠት ነው። በዚያ ቤት 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ያለ እንደ ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

አንድ ምሳሌ ይነገር። በአዳማ አንድ ልጅ ድመቱ ስትስል አይቶ ወደ አያቱ ሮጠ። «እማማ፥ ድመቷ ልትሞት ነው» አለ። አያትየዋም «አጥንት ነው ልጄ፥ ቅቤ አቅልጠህ በጉሮሮዋ አንቈርቍርላት» አለች። ጎረቤቲቱ በበኩሏ «ኪኒን ግማሽ ብትሰጧት ይተዋታል» ብላ ከመቀነቷ ፈትታ አወጣች። ሁለቱም ያሉት ከደግነት የመጣ ነው፤ ሁለቱም ግን ድመቷን ሊገድላት የሚችል ነው።

ቅቤ ወይም ዘይት በምትስል ድመት አፍ በግድ ቢፈስ ወደ ሆዷ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ከገባም የሳንባ ምች ያመጣል። ለሰው ራስ ምታትና ትኩሳት የሚሰጠው ፓራሲታሞል የሚባለው ኪኒን ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት ለውጦ የሚያስወግድበት ኃይል አለው፤ የድመት ጉበት ግን ያ ኃይል እጅግ ያንሰዋል። ስለዚህ መርዙ ደሟን ያበላሸዋል፥ ደሟም አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፥ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። አንድ ኪኒን፥ ከዚያም ያነሰው፥ ለሞቷ ይበቃል። እንደዚሁም ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት ድመት ላይ የሚያፈስ ሰው ቁንጫውን ከድመቷ ጋር ያጠፋል።

አጥንት በእውነት ያነቃት ድመት አፏን በእግሯ ትፍቃለች፥ ለሐጯ ይዝረከረካል፤ የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ በሚበላበት በባቱ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የዕብድ ውሻ በሽታ የያዛት ድመትም መዋጥ ተስኗት ለሐጯ ይዝረከረካል፥ አጥንት የተሰነቀረባት ትመስላለች። ስለዚህ ማንም፥ ይልቁንም ልጅ፥ ጣቱን በድመት አፍ ውስጥ ሊያገባ አይገባውም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፥ በዚያውም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውምና ነገ ማለት አይቻልም።

የድመት አተነፋፈስ በሰዓት ሊቈጠር ይችላል፤ ይህንንም መቍጠር የሚችል የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። ተኝታ ሳለች ጎኗ ከፍ ብሎ ዝቅ ማለቱ አንድ ነው። በ1 ደቂቃ ውስጥ እስከ 30 ከሆነ ደኅና ነው፤ አርፋ ሳለች ከ40 ካለፈ ሐኪም ያስፈልጋታል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፥ ድዷም ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ድመት እስከ ማግስቱ አትቈይም። እንዲህ ያለችውን ማባረር፥ ማቀፍና ማስጨነቅ የቀረላትን ትንፋሽ ይጨርስባታል።

በየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ፤ በቢሾፍቱም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓመት የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ወደ ሐኪም ስትወሰድ በክንድ ታቅፋ በባጃጅ መሄድ የለባትም፤ የመኪና ጩኸት አስደንግጧት ታመልጣለች። ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ አሮጌ ጨርቅ አንጥፎ ማስገባት፥ አየር እንዳያጥራት አድርጎም በነጠላ መሸፈን ይበጃል። ሐኪሙም የሚጠይቀው መቼ እንደ ጀመራት፥ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትስል፥ ጢስ ወይም አቧራ ሲኖር እንደሚብስባት፥ አይጥ ታድን እንደ ሆነ፥ ወተቷ የፈላ መሆኑንና ከዚያ በፊት ምን መድኃኒት እንደ ተሰጣት ነው። ኪኒን የሰጠ ሰው አፍሮ አይደብቅ፤ ለዚያ መርዝ ማርከሻ አለና፥ ሐኪሙ በሰዓቱ ካወቀ ሊያድናት ይችላል።