የነፍሰ ጡር ሴት ድድና ጥርስ



ከእናንተ መካከል ማለዳ ከአቃቂና ከቃሊቲ ተነሥታችሁ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የምትጓዙ ብዙዎች ናችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ነፍሰ ጡር ባለቤታችሁ አፏን ስትጉመጠመጥ ውሃው ቀልቶ ሲወርድ አይታችሁ ይሆናል። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቋት፥ «ምንም አይደለም፤ እርግዝናው ነው፤ ስወልድ ይተወኛል» ትላችኋለች። ልጁ ለአጥንቱ የሚሆነውን ከእናቱ ጥርስ እየመጠጠ ይወስዳል የሚለው አሳብ በብዙ አገር የተሰራጨ ነው፤ ከእኛም ዘንድ አይጠፋም።

ይህ ስሕተት ነው። ፅንሱ የሚያሻው ካልሲየም እናቱ ከምትመገበው ምግብ ይገኛል፤ ምግቡ ያነሰ እንደ ሆነ ከአጥንቷ ይወሰዳል እንጂ ከጥርሷ አይወሰድም። ድዱን የሚያደማው ሌላ ነው። በእርግዝና ጊዜ በደም ውስጥ የሚበዙት ሆርሞኖች ድዱ በቀላሉ እንዲቆጣ ያደርጉታል፤ በጥርስና በድድ መካከል የተጋገረው እድፍ ደግሞ ያን ድድ ያሳብጠዋል፥ ያደማዋልም። ነገሩ በ2ኛው ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 8ኛው ወር ሊበረታ ይችላል። ሆርሞኑን ልንከለክለው አንችልም፤ እድፉን ግን ማስወገድ በእጃችን ነው። ዳሩ ግን ነፍሰ ጡሯ ደሙን አይታ በመፍራት ጥርሷን መፋቅ ትተዋለች፤ እድፉ ይበዛል፥ ደሙም ይብሳል።

በመንገድ ዳር የሚሸጠውን የወይራ መፋቂያ የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ፥ በዝግታም ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ከተሳበ፥ እድፉን ያነሣል። የሚጎድለው ፍሎራይድ ነውና ማታ ከመኝታ በፊት ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይጨመርበት። አስመልሷት እንደ ሆነ ግን ወዲያው አትፋቅ፤ የጨጓራው አሲድ የጥርሱን ሽፋን ለጊዜው አለስልሶታልና ፍቂያው ይሸረሽረዋል። በአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣ ትጉመጥመጥ፤ ከ1 ሰዓት በኋላ ትፋቅ።

ከሁሉ የሚከፋው ሕመሙ ከመጣ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ጉንጯ ያበጠ ነፍሰ ጡር አፏን በነጠላ ሸፍና፥ ቅርንፉድ ነክሳ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋለች፤ ጥርሷ ቢነቀል ፅንሱ ይወርዳል ተብላለችና። ለፅንሱ የሚያሰጋው ግን መነቀሉ ሳይሆን መግል የቋጠረው ጥርስ ሳይታከም መቅረቱ ነው። ሐኪም የሚጠቀምበት ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ለነፍሰ ጡር የተፈቀደ ነው። ለሕክምና የሚመቸው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ሲሆን፥ ሕመሙ የጸና እንደ ሆነ በማናቸውም ወር መታከም ይቻላል። እርጉዝ መሆኗን ለሐኪሙ መደበቅ አይገባትም፤ ቴትራሳይክሊን የሚወለደውን ልጅ ጥርስ ያበልዛል፥ ኢቡፕሮፌንም በተለይ ከእርግዝናው እኩሌታ በኋላ ለፅንሱ አይስማማም። ከጎረቤት ተለምኖ የሚዋጥ ክኒን ስለዚህ ያስፈራል።

የድድ በሽታ ያለጊዜው ያስወልዳል እየተባለ ይነገራል። በሁለቱ መካከል ግንኙነት መኖሩ ታይቷል፤ ድድን ማከም ይህን እንደሚያስቀር ግን አልተረጋገጠም። በዚህ እናቶችን ማስፈራራት አልወድም፤ ሕመሙ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ መክሯል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም በዚያው ይገኛል። ለቀብርና ለሠርግ ፈቃድ ለመጠየቅ የማናፍር ሠራተኞች፥ ለሚስት ጥርስ ግማሽ ቀን መጠየቅ ያሳፍረናል። የክትትሏ ቀን መቼ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ጠይቋት፤ ድዷ እንደሚደማ ለአዋላጇ መንገር ካፈረች፥ አብራችሁ ሄዳችሁ እናንተ ንገሩላት።