ሻንጣ ሲመዘን ምላስ እንዳይቀድም

  

 የዛሬው ወጋችን ከራሴ ጥፋት ይጀምራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመስጊዳችን ጀማዓ ጋር ዑምራ አድርገን ስንመለስ፣ ጅዳ በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አየር ማረፊያ ሻንጣ ለማስመዘን ተሰለፍን። የእኔ ሻንጣ ከተፈቀደው 4 ኪሎ በለጠ። ወጣቱ ሠራተኛ «ወይ ይክፈሉ፣ ወይ ይቀንሱ» አለኝ። «ስመጣ ማንም አልጠየቀኝም!» ብዬ ጮህኩ። ዐረብኛ ስለምችል ምላሴ ተፈታ፤ አላህን የማይፈራ እስከ ማለት ደረስኩ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ለጓደኛቸው ቀስ ብለው «ለካ ክርክር የተከለከለው ሐረም ውስጥ ብቻ ኖሯል» ሲሉ ሰማሁ።

ከጉዞው በፊት ያስተማርኳቸው እኔው ነበርኩ። በሱረቱል በቀራህ 197ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሐጅ የገባን ሰው ከብልግና፣ ከአመፅና ከክርክር ይከለክላል። አንቀጹ ስለ ሐጅ ነው፤ እኛም ኢሕራማችንን ፈትተናል። ግን ዒባዳው ባሕሪያችንን ካልገራ፣ ከመካ እስከ ጅዳ ባለው መንገድ ላይ ጥለነው መጣን ማለት አይደለምን?

ሻንጣዬን ወለል ላይ ከፍቼ ቴምሩን ለሰው አካፈልኩ። ሰልፉ ሲያልቅ ልጁን ዐፉ በለኝ ልለው ተመለስኩ። ቀና ብሎ አየኝና «ዛሬ የጮኸብኝ ሰው ብዙ ነው፤ እርስዎ የትኛው እንደነበሩ አላስታውስም» አለኝ። ወላሂ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ልጅ የኪሎውን ልክ አልወሰነም፤ የመቀየር ሥልጣንም የለውም። ያለው ነገር ኃላፊውን መጥራት ነው። እኛ ደግሞ ጠብ የሚጀምረው ካውንተር ላይ ይመስለናል እንጂ ብዙውን ጊዜ ከቤት ይዘነው እንመጣለን። ሙሐመድ የሚለው ስማችን በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ ፓስፖርቱና ቲኬቱ ሳይገጥሙ ቀርተው በመሳፈሪያው ቀን ከሠራተኛ ጋር ከመጨቃጨቅ፣ ቲኬቱ እንደተቆረጠ አንድ በአንድ ማስተያየት ይቀላል። ዘምዘምንም ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ በሻንጣ መደበቅ እዚያው ያጣላል፤ በአየር መንገዱ ደንብ መሠረት በታሸገው የ5 ሊትር ካርቶን ለብቻው ይጫን።

«ታዲያ መብታችን ሲነካ ዝም እንበል?» የምትሉ አትጠፉም። አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ አንድ ሰው ያበደረውን ግመል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሻካራ ቃል ጠየቀ። ሶሓቦች ሊነሱበት ሲሉ፣ ባለመብት የመናገር መብት እንዳለው ነግረው ተዉት አሏቸው፤ ከእርሱ የተሻለ ግመልም አሰጡት። ይህን ሐዲሥ ለጩኸታችን ፈቃድ አድርገን የምናነሳ አለን። እዚያ የተመሰገነው ግን የባለዕዳው ትዕግሥት እንጂ የጠያቂው ሻካራነት አይደለም።

ያው ጉዟችን ቦሌ ሲደርስ፣ የጅዳዋ እናት ሻንጣ ሳይመጣ ቀረ። ጀማዓው ከበበኝ፤ «ኡስታዝ፣ አሁን ይናገሩ!» አለኝ። ከእናታችን ጋር ወደ ሻንጣ ክፍል ሄድን። ሻንጣው ሲመዘን የተሰጣቸውን ትንሿን የታግ ወረቀት ቦርዲንግ ፓሱ ጀርባ ላይ ለጥፈው አቆይተዋት ነበር። ከአዳራሹ ሳንወጣ ፎርም ሞላን፤ የማመልከቻውን ቁጥርና የሠራተኛዋን ስም ጻፍን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻንጣው መጣ፤ መቆለፊያው ግን ተሰብሯል። ይህንንም በማግስቱ በጽሑፍ አስታወቅን።

ቀኑን የቆጠርነው በከንቱ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተፈረመው የአየር ጉዞ ስምምነት፣ ለተበላሸ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት እንደሚገባ ይደነግጋል። መድረስ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን አልፎ ያልመጣ ሻንጣ ካሳ ይጠየቅበታል። ጮሆ የሄደና ፎርም ያልሞላ ሰው ግን ቀኑ ሲያልፍ መረጃ የለውም። ካሳውም ጣሪያ አለው። በዐረብ አገር ዓመታት ለፍታችሁ የምትመለሱ እህቶቻችን፣ ወርቃችሁንና ገንዘባችሁን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ፤ በእጃችሁ ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጠፋው ልብስ ሦስት ሺሕ ብር የሚያወጣ ሆኖ ሳለ ሠላሳ ሺሕ ብሎ መጻፍ ሐራም ነው። «ድርጅቱ ሀብታም ነው» የሚል ፈትዋ የሚሰጥ ዓሊም አላጋጠመኝም፤ ተሰልፈው ሲጠብቁ የሚሰጡ ግን አጋጥመውኛል።

እናታችን ለመቆለፊያው ስንት እንጠይቅ ብላቸው፣ መርካቶ ወስደው አሠርተው ደረሰኙን አመጡልኝ። ያንኑ አያይዘን ላክን።